የልጄ ደርት ባይክ (የሜዳ ሞተር) ታርጋ ያገኛል ወይ? ከኔቫዳ ወደ ካሊፎርኒያ ለሚዛወር አባት የሞተር መካኒክ ምላሽ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የምንኖረው ላስ ቬጋስ ነው። ለ15 ዓመት ልጄ ያገለገለ ያማሃ ዋይዚ250ኤፍ በ4,500 ዶላር ገዛሁለት። ሻጩ የ2022 ሞዴል ነው ብሎኛል። ሰፈር ውስጥና ከቤታችን ጀርባ ባለው ባዶ መሬት ላይ ሲነዳ ጎረቤት ፖሊስ ጠራ። ፖሊሱ ለዛሬ በማስጠንቀቂያ አልፎናል፤ ሁለተኛ ካየሁት ሞተሩን እወስደዋለሁ ብሏል። ሐምሌ ላይ ወደ ሎስ አንጀለስ እንዛወራለን። ታርጋ ላወጣለት እችላለሁ? ካልሆነ የት ይንዳ? ካሊፎርኒያስ ስንሄድ ምን ይገጥመናል?»

ወንድሜ፣ ዋናውን መልስ ላስቀድምልዎት። ኔቫዳ ውስጥ እንዲህ ላለ ሞተር ታርጋ ማውጣት በሕግ ይቻላል፤ በዚህኛው ሞተር ግን አልመክርዎትም። ካሊፎርኒያ ውስጥ አይቻልም። ሞዴሉ በእርግጥ 2022 ከሆነማ ካሊፎርኒያ የሜዳ መንጃ ተለጣፊ እንኳ አትሰጠውም። ስለዚህ ዕቃ ከመጫናችሁ በፊት፣ እዚያው ላስ ቬጋስ ሳላችሁ የሚጨርሱት ጉዳይ አለብዎት።

ብዙ ወገኖቻችን የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው። አገራችን ሞተር ያው ሞተር ነው፤ ገዝተህ፣ ሊብሬ ይዘህ፣ ታርጋ አውጥተህ ትነዳለህ። ዳገቱንም አስፋልቱንም በዚያችው ሞተር ነው የምንወጣው። አሜሪካ ውስጥ ግን ሞተሩ የት እንደሚነዳ የተወሰነው ገና ፋብሪካ ሳለ ነው። ለአስፋልት የተሠራ ሞተር የፌዴራሉን የመንገድ ደኅንነት መስፈርት እንደሚያሟላ የሚገልጽ ጽሑፍ ገላው ላይ ተለጥፎ ይወጣል። ለሜዳ የተሠራው ያ ጽሑፍ የለውም፤ አብሮት የሚመጣው የፋብሪካ ወረቀትም ከመንገድ ውጭ ብቻ ለመንዳት ነው ይላል። መብራትና እስፖኪዮ መግጠም ሞተሩን ያሳምረዋል እንጂ ያንን ወረቀት አይለውጠውም። ወረቀቱን መለወጥ የሚችለው ክፍለ ሀገሩ ነው፤ አንዱ ይፈቅዳል፣ ሌላው ይከለክላል።

ስሞቹ ራሳቸው ሰው ያሳስታሉ። ካዋሳኪ ኬኤልኤክስ300 የመንገድ ሞተር ነው፤ መጨረሻው ላይ «አር» የተጨመረበት ኬኤልኤክስ300አር ግን የሜዳ ነው። የሱዙኪው ዲአርዚ400 «ኤስ» ሲሆን ታርጋ ይዞ የሚወጣ፣ «ኢ» ሲሆን የማይዝ ነው። ኬቲኤም 350 ኢኤክስሲኤፍ ታርጋ አለው፤ ኤክስሲኤፍ የለውም። ያገለገለ ሞተር ሲገዙ ሻጩ በቃል የሚነግርዎትን ትተው መጀመሪያ ፊደሏን፣ ቀጥሎ ተለጣፊውን ጽሑፍ፣ ቀጥሎ ሊብሬውን ይዩ። የእርስዎ ዋይዚ250ኤፍ ለሞቶክሮስ ውድድር የተሠራ ነው። የፊት መብራት የለውም፣ ፍሬቻ የለውም፣ ክላክስ የለውም፣ ማርሚታው ላይ የእሳት ብልጭታ መያዣም የለውም። ለገና ጀማሪ የ15 ዓመት ልጅ ጉልበቱም ብዙ ነው። ይህን የምለው ግዢዎን ለመንቀፍ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ሞተር ከጀማሪ እጅ እንዴት እንደሚያመልጥ ደጋግሜ ስላየሁ ነው።

ወደ ታርጋው ልመለስ። ኔቫዳ የሜዳ ሞተር ወደ መንገድ ሞተር እንዲለወጥ ከሚፈቅዱት ክፍለ ሀገሮች አንዷ ናት፤ አሪዞናም እንዲሁ። የፊት መብራት፣ የኋላና የፍሬን መብራት፣ አንጸባራቂ፣ እስፖኪዮ፣ ክላክስ፣ ፓራፋንጎ፣ ለመንገድ የተፈቀደ ጎማ ተገጥሞ፣ ሞተሩ ተመርምሮ፣ የምርመራው ወረቀት ተፈርሞ ዲኤምቪ ለሚባለው የታርጋና የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት ይቀርባል። ዝርዝሩን የያዘውን ቅጽ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ከዲኤምቪ ይውሰዱ፤ ቅጹ ላይ የሌለ ዕቃ ገዝተው፣ ያለውን ረስተው ሁለት ሦስት ጊዜ የሚመላለሱ ሰዎች ስንት ናቸው! ነገር ግን የእርስዎ ሞተር የኤሌክትሪክ ማመንጫ የተሠራው ለማስነሻና ለማቀጣጠያ ያህል ነው። ሙሉ መብራት ለመሸከም ማመንጫውን ማሠራት ወይም መለወጥ ይጠይቃል። ያ ሁሉ ወጪ ወጥቶም ልጅዎ አይነዳውም፤ አስፋልት ላይ የሞተር መንጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ እሱም ገና 16 ዓመት አልሞላውም። ኢንሹራንሱም አለ፤ የኔቫዳ ዝቅተኛው ሽፋን ለአንድ ተጎጂ 25,000፣ በአንድ አደጋ ለሚጎዱ ሁሉ 50,000፣ ለንብረት 20,000 ዶላር ነው። ከዚያ ሁሉ በኋላ ሐምሌ ላይ ካሊፎርኒያ ስትገቡ ታርጋው ዋጋ ያጣል። ምክንያቱን ከታች አስረዳዎታለሁ።

ፖሊሱ የተናገረውን በቁም ነገር ይውሰዱት። ታርጋ የሌለው ሞተር የሰፈር መንገድ ላይም፣ የእግረኛ መሄጃ ላይም፣ ከቤት እስከ ማዕዘኑ ድረስም ቢሆን አይነዳም። «እስከ ሜዳው ለመድረስ ብቻ ነው» የሚለው ምክንያት አይሠራም። ሞተሩ በፒክአፕ ወይም በተጎታች ይጫናል፤ መጫኛ ከሌለዎት ሞተሩ ጠፍቶ በእጅ ይገፋል። ከቤታችሁ ጀርባ ያለው ባዶ መሬት ደግሞ ባዶ ስለሆነ የማንም ነው ማለት አይደለም። ባለቤት አለው፤ ባለቤቱ ኩባንያ ሊሆን ይችላል፣ ከተማው ሊሆን ይችላል። ያለ ፈቃድ መግባት በራሱ ጥፋት ነው። ላስ ቬጋስ ያለችበት የክላርክ ካውንቲ የአየር ጥራት ደንብ በአቧራ ላይ ጥብቅ ስለሆነ በባዶ መሬት ላይ ሞተር ሲሽከረከርበት ተጠያቂነቱ ለባለመሬቱም ይተርፋል። ስለዚህ ባለመሬት ፈቀደልን ካሉ በጽሑፍ ይያዙት፤ ልጁም ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ ይዞ ይውጣ። ጎረቤትዎን አይቀየሙ። የሞቶክሮስ ማርሚታ ድምፅ ከቤት ግድግዳ ጋር ሲላተም ምን ያህል እንደሚያውክ ከውስጥ ሆኖ የሰማ ያውቀዋል።

የት ይንዳ ላሉት፣ ከዚህ አንጻር ዕድለኛ ቦታ ነው ያላችሁት። የኔቫዳ መሬት አብዛኛው የፌዴራል መንግሥት ነው፤ ከዚያም ሰፊውን የሚያስተዳድረው ቢኤልኤም የሚባለው የመሬት አስተዳደር ቢሮ ነው። ከላስ ቬጋስ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ በኢንተርስቴት 15 አጠገብ ከመኪና ውድድሩ ሜዳ ወዲያ ማዶ ኔሊስ ዱንስ አለ፤ ወደ 10,000 ኤከር የሚጠጋ፣ ለዚሁ የተከፈተ አሸዋና ኮረብታ ነው። ራቅ ማለት ካማራችሁ የሎጋንዴል ዱካዎች አሉ። ለዚያ ሞተሩ የኔቫዳ የሜዳ ተሽከርካሪ ምዝገባ ያስፈልገዋል፤ በዓመት 20 ዶላር የሚከፈልበት፣ እንደ አገራችን ቦሎ የሚለጠፍ ነው። ከሻጩ ሊብሬ ካልተቀበሉ ዛሬውኑ ይጠይቁት። ያለ ሊብሬ የተገዛ ሞተር የተሰረቀ ሆኖ ሲገኝ ገንዘቡም ሞተሩም አንድ ላይ ይሄዳሉ፤ ይህን በሐዘን ያለፉ ወላጆች እኔ ጋ መጥተው አይቻለሁ።

የሕዝብ መሬት ነው ማለት ግን እንደ ልብ ይነዳበታል ማለት አይደለም። ከ1972 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆቹ) ጀምሮ፣ ፕሬዚዳንት ኒክሰን በፈረሙት ትእዛዝ መሠረት የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የትኛው መሬት ለሜዳ ተሽከርካሪ ክፍት፣ የትኛው ዝግ እንደሆነ እየለዩ ይወስናሉ። ደን አስተዳደሩ በ2005 ባወጣው ደንብ ደግሞ እያንዳንዱ ብሔራዊ ደን የሞተር መሄጃ ካርታ ያወጣል፤ ካርታው ላይ ያልተሳለ ዱካ፣ መሬት ላይ በዓይን ቢታይም፣ ዝግ ነው። ቢኤልኤም መሬት ላይም አብዛኛው ቦታ «ባለው ዱካ ላይ ብቻ» ይላል። ምክንያት አለው። የሞሃቪ በረሃ ኤሊ ከ1990 ጀምሮ ለአደጋ የተጋለጠ ተብሎ በፌዴራል ሕግ የተጠበቀ ነው። ጉድጓዱ ከቁጥቋጦ ሥር ስለሆነ ከዱካ የወጣ ጎማ ሳያየው ይደረምሰዋል። የበረሃው አፈር የላይኛው ቅርፊት አንዴ ከተሰበረ ደግሞ ለመጠገን ዘመናት ይፈጅበታል። ልጅዎ ይህን ከአሁኑ ቢማር ቅጣት ማምለጥ ብቻ ሳይሆን የሚነዳበት መሬት ክፍት ሆኖ ይቆይለታል። ብዙ ሜዳዎች የተዘጉት ከዱካ በወጡ ሰዎች ጥፋት ነው።

አሁን ወደ ካሊፎርኒያ። እዚያ የሜዳ ሞተር የሚለየው በተለጣፊ ነው። የጭስ መስፈርቱን የሚያሟላ አረንጓዴ ያገኛል፤ ለሁለት ዓመት 54 ዶላር ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ይነዳል። መስፈርቱን የማያሟሉ የውድድር ሞተሮች ከ2003 እስከ 2021 ሞዴል ድረስ ቀይ ተለጣፊ ይሰጣቸው ነበር። እነዚህን የሚለየው የሻንሲ ቁጥሩ ስምንተኛ ቦታ ላይ ያለው «3» ወይም «ሲ» ነው። ቀይ የለጠፈ ድሮ በሙቀት ወራት ብዙ ሜዳ ላይ አይገባም ነበር፤ ያ የወቅት ገደብ ተነሥቷል። ከ2022 ሞዴል ጀምሮ ግን የካሊፎርኒያ የአየር ጥበቃ ቦርድ ቀዩን በር ዘጋው። መስፈርቱን የማያሟላ የ2022ና ከዚያ ወዲህ ያለ ሞተር አረንጓዴም ቀይም አያገኝም፤ ለውድድር በተከለለ ሜዳ ላይ ካልሆነ በስተቀር በሕዝብ መሬት አይነዳም። የእርስዎ ዋይዚ እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። በኔቫዳ 20 ዶላር ከፍሎ በነጻነት የሚሮጥ ሞተር፣ የአራት ሰዓት መንገድ ተጉዞ ሲደርስ ጋራዥ ውስጥ የሚቆም ዕቃ ይሆናል።

ታርጋ አውጥቼለት ልውሰደውስ ካሉ፣ ካሊፎርኒያ የምትመዘግበው የፋብሪካው የጭስ ጽሑፍ የካሊፎርኒያን የመንገድ ደንብ እንደሚያሟላ የሚናገርለትን ሞተር ነው። በሌላ ክፍለ ሀገር ከሜዳ ወደ መንገድ ተለውጦ የመጣን አትቀበልም። ለመንገድ የተሠራ ሞተር እንኳ ቢሆን፣ የካሊፎርኒያ ጽሑፍ ከሌለውና ከ7,500 ማይል በታች ከተነዳ አብዛኛውን ጊዜ እንደ አዲስ ተቆጥሮ ይመለሳል፤ ይህንን በመኪናም ያዩት ይኖራሉ። ነዋሪ ከሆኑ በኋላ ተሽከርካሪዎን ለመመዝገብ ያለዎት ጊዜ 20 ቀን ነው። ሞንታና ውስጥ በወረቀት ብቻ ያለ ኩባንያ ከፍተህ በስሙ ታርጋ አስመጣ የሚሉዎትን አይስሟቸው። የካሊፎርኒያ ነዋሪ ሆኖ ይህን ማድረግ ግብር ማምለጥ ነው፤ አደጋ የደረሰ ቀን ደግሞ ኢንሹራንሱ «የምትኖረው የት ነው?» ብሎ ይጀምራል። የካሊፎርኒያ ዝቅተኛ የኢንሹራንስ ሽፋንም ከጥር 2025 ጀምሮ፣ በኔቫዳው ቅደም ተከተል፣ 30,000፣ 60,000 እና 15,000 ዶላር ሆኗል፤ ወደፊት የመንገድ ሞተር ሲገዙ ይጠቅምዎታል።

በጉዞው ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ከላስ ቬጋስ ወደ ሎስ አንጀለስ ስትወርዱ በስተ ግራችሁ የሞሃቪ ብሔራዊ ጥብቅ ስፍራ ይዘረጋል። ጥርጊያ መንገዱ ያጓጓል፤ ነገር ግን እዚያም፣ በሞት ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክም፣ ታርጋ የሌለው ሞተር ከተጎታች ላይ አይወርድም። የሜዳ ተለጣፊ አይሠራም። ምድረ በዳ ተብለው በ1964 ሕግ በተከለሉ ቦታዎች ደግሞ ታርጋ ያለውም አይገባም። መንገዳችሁ ላይ ለሞተር የተከፈተው ከቤከር በስተ ሰሜን ያለው ዱሞንት ዱንስ ነው፤ የመግቢያ ፈቃድ ይከፈልበታል፣ አሸዋው ላይ ከሩቅ የሚታይ ረጅም ባንዲራ ማሰር ግዴታ ነው። ከአሸዋ ክምር ወዲያ ማዶ የሚመጣውን ሰው ማየት ስለማይቻል ነው። ሎስ አንጀለስ ከገባችሁ በኋላ የሚቀርባችሁ ሀንግሪ ቫሊ ነው። በኢንተርስቴት 5 ወደ ሰሜን፣ ጎርማን አጠገብ፣ 60 ማይል ያህል ነው። 19,000 ኤከር ገደማ የሚሆን፣ ክፍለ ሀገሩ ራሱ ለሜዳ ተሽከርካሪ የሚያስተዳድረው ቦታ ነው፤ ለልጆችና ለጀማሪዎች የተለየ ሜዳም አለው። መጀመሪያ ቀን እዚያ ቢወስዱት እመርጣለሁ።

እዚያ በር ላይ ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛው ድምፅ ነው፦ ከ1986 ወዲህ የተሠራ ሞተር ከማርሚታው ጫፍ በ20 ኢንች ርቀት ሲለካ ከ96 ዴሲቤል ማለፍ የለበትም። ሁለተኛው የእሳት ብልጭታ መያዣው ነው። ከሞተሩ ውስጥ በጭሱ ተገፍታ የምትወጣ የጋለች የካርቦን ቅንጣት ደረቅ ሣር ላይ ስታርፍ ምን እንደምታደርግ ካሊፎርኒያ የኖረ ሰው ያውቃል። መያዣው ማርሚታው ጫፍ ላይ የሚገባ ወንፊት ነው፤ የደን አስተዳደሩ ማረጋገጫ የተቀረጸበት መሆን አለበት። ወንፊቱ በጥላሸት ሲደፈን ሞተሩ ይታፈናል፤ ያን ጊዜ ብዙ ልጆች አውጥተው ይጥሉታል። አይጣል፤ በሽቦ ብሩሽ ይጸዳ። ታርጋ ያለው የመንገድ ሞተር እንኳ ሜዳ ሲገባ ይህን ይጠየቃል።

ልጁ ኤሌክትሪክ ይሻላል ብሎ ይጎተጉትዎት ይሆናል፤ በዚህ ዓመት ከወላጆች የምሰማው ግማሹ እሱ ነው። ሰርሮንና ታላሪያ የሚባሉት ድምፅ የላቸውም፣ ቀላል ናቸው፣ ብስክሌትም ይመስላሉ። ሻጮችም «ብስክሌት ነው፣ ምንም ወረቀት አይጠይቅም» ይላሉ። በካሊፎርኒያ ሕግ የኤሌክትሪክ ብስክሌት የሚባለው ፔዳል ያለውና የሞተሩ ጉልበት ከ750 ዋት የማያልፍ ነው፤ ፔዳል ሳይመታ በሞተሩ ብቻ ሲሄድ በሰዓት ከ20 ማይል በላይ አይፈጥንም፣ ፔዳል እየተመታ የሚረዳው ዓይነት እስከ 28 ማይል ይደርሳል። ሰርሮን ፔዳል የለውም፤ ጉልበቱም ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ድምፅ አልባ ደርት ባይክ ነው። በብስክሌት መንገድ ላይ ሲነዳው ቢያዝ የሚጠብቀው ያው የዋይዚው ዕጣ ነው። ይህን ሳያውቁ ለልጆቻቸው በልደት ቀን የገዙ ስንት እናቶች አሉ መሰላችሁ፤ ጥፋታቸው አይደለም፣ ሻጩ ነው ያታለላቸው።

ዲሲ አካባቢ ዘመድ ካላችሁና ሞተሩን ለእነሱ ልላክ ካሉ ይተዉት። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ደርት ባይክ በየትኛውም የሕዝብ ቦታ አይነዳም፣ ይወረሳል። ባልቲሞር ደግሞ ነዳጅ ማደያዎች ለደርት ባይክ እንዳይቀዱ እስከ መከልከል ደርሳለች።

ስለ ልጁ ራሱ። ሕጉ ወላጁንም ያያል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ14 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እግሩና እጁ ሁሉንም መቆጣጠሪያ ማለትም ፍሬኑን፣ ፍሪሲዮኑን፣ ካምቢዮውን ደርሶ መቆጣጠር ካልቻለ፣ እንዲነዳ የፈቀደው ወላጅ ይቀጣል። የእርስዎ ልጅ ዕድሜው አልፏል፤ ታናሽ ወንድም ካለው ግን «አንዴ ልሞክር» ሲል ይህን ያስታውሱ። 16 ሲሞላው ካሊፎርኒያ ውስጥ የመንገድ ሞተር ልንዳ ካለ፣ ከ21 ዓመት በታች ስለሆነ የክፍለ ሀገሩን የሞተር ሥልጠና መጨረስና የመማሪያ ፈቃዱን ስድስት ወር መያዝ ግዴታው ነው። ጥሩ ሥልጠና ነው፣ ግዴታ ባይሆንም አስገባው ነበር። ዱካው የመኪና መንገድ የሚያቋርጥ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ይቁም፣ ግራ ቀኝ ይይ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ይሻገር፤ በመንገዱ ጠርዝ እየተከተሉ መንዳት መሻገር አይባልም። ሄልሜት፣ መነጽር፣ የቁርጭምጭሚት ድጋፍ ያለው ቡት፣ የደረትና የጉልበት መከላከያ ግን ሕግ አዘዘ አላዘዘ ሳይለብስ አያስነሣ። አንድ ሺህ ዶላር ለልብሱ ማውጣት ካልቻሉ ሞተሩ ይቆይ።

እንግዲህ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን የማደርገውን ልንገርዎት። ዋይዚውን ኔቫዳ ሳላችሁ፣ ምዝገባውንና ሊብሬውን አስተካክለው ይሽጡት፤ እዚያ ገዢው ብዙ ነው፣ ካሊፎርኒያ ከገባ በኋላ ግን ዋጋው ይወድቃል። በዚያው ገንዘብ ያገለገለ ሆንዳ ሲአርኤፍ250ኤፍ ወይም ካዋሳኪ ኬኤልኤክስ230አር ይፈልጉ። ሁለቱም አረንጓዴ ተለጣፊ የሚያገኙ፣ ማርሚታቸው ጸጥ ያለ፣ ለጀማሪ ልጅ የሚታዘዙ ሞተሮች ናቸው። እስክትዛወሩ ድረስ ያሉትን ቅዳሜዎች ኔሊስ ዱንስ ውሰዱት።

ከመሸጥዎ በፊት ግን አሁኑኑ ጋራዥ ወርደው መሪው የሚዞርበት አንገት ላይ የተቀረጸውን የሻንሲ ቁጥር በእጅ መብራት ያንብቡ። 17 ምልክት አለው፤ ከግራ ጀምረው አሥረኛውን ይቁጠሩ። «ኤን» ከሆነ በእርግጥም 2022 ነው፣ ከላይ ያልኩት ሁሉ ይጸናል። «ኤም» ከሆነ ግን ሻጩ ተሳስቷል፤ ሞተሩ የ2021 ነው፣ የቀይ ተለጣፊው በር ለእሱ አልተዘጋም። ያን ጊዜ አይሽጡት፤ ስምንተኛውን ምልክት ጨምረው ይጻፉልኝ፣ ለካሊፎርኒያው ዲኤምቪ ምን ይዘው እንደሚቀርቡ አብረን እናያለን።